ከመነጽሩ ሥር የተተከለው ድንኳን

ሰው "ደህና ናት" ሲሉት እፎይ ብሎ የሚተኛ ቢሆን ኖሮ ካሳይ ይኼኔ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። ግን የኛ አገር ሰው ነዋ! "ደህና ናት" የሚለው ነገር በኛ ዘንድ ስንት ጉድ እንደሚሸፍን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፣ ስለዚህ ከዳቦ ፋብሪካው የሌሊት ሥራ ተመልሶ፣ ጥቁሩን መጋረጃ ስቦ፣ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ወትፎ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኧረ ምን ፀሐይ አለና፣ የበርገን ሰማይ እንደሆነ ዝናቡን ሳይታክተው ነው የሚያወርደው፣ ብቻ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ በሆነበት ሰዓት አልጋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ስምንተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት፣ ከላይ ያለው ጎረቤት ወንበር ሲጎትት የሚሰማባት፣ ከጎን ያለችው አሮጊት ስታስል ይማርሽ የሚያሰኝ፣ ኖርዌይ ከገባ ጀምሮ የኖረባት። እና እናቱ አለች ወይስ የለችም? ጥያቄው ይኼ ብቻ ነው፣ ሌላ ጥያቄ የለውም። ወይዘሮ መብርሂት፣ እሱ በትግርኛ አደይ የሚላት፣ በሕይወት አለች ወይስ ቀብረዋት እሱን እዚህ በወሬ እያባበሉት ነው? እህቱን አርያምን ትናንት ጠይቋታል፣ ደህና ናት አለችው። ከትናንት ወዲያም ጠይቋታል፣ በጣም ደህና ናት አለችው። ያቺ "በጣም" የምትባለው ነገር ናት እንቅልፍ የነሳችው፣ ደህና የሆነ ሰው ደህና ነው፣ "በጣም" ምን ልታደርግ መጣች?

ነገሩ የተጀመረው በፎቶ ነው። ማሙሽ የሚባል የሰፈሩ ጎረምሳ አለ፣ ካሳይ ከአገር ሲወጣ ገና አፍንጫውን የሚጠርጉለት ልጅ ነበር፣ ዛሬ ስልክ ይዞ ካዛንቺስን ከጠዋት እስከ ማታ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ። ባለፈው እሑድ አንድ ፎቶ ለጠፈ፣ አዲሱ ሕንፃ ጫፉ እስከማይታይ ቆሞ፣ መስተዋቱ ውስጥ ደመና እያለፈ፣ ከሥሩ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ተተክሎ። የእድሩ ድንኳን! ያቺ አንድ ጎኗ በሰማያዊ ሸራ የተጣፈች፣ አባቱም የተለቀሰባት፣ በመቶ ድንኳን መሀል ብትቆም የማይስታት። የተተከለችውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ ሰፈሩ ለቅሶ የሚቀመጥባት ሜዳ ላይ ነው፣ እናቱ በር ፊት ለፊት፣ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር በፎቶው ዳር ግማሹ ይታያል። ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል፣ ወንዶቹ ቆመዋል፣ የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ሊካሳ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘዋል፣ አርያም አገጯን በመዳፏ ደግፋ መሬት መሬት ታያለች። እናቱስ? ፎቶውን በሁለት ጣቱ ለጠጠው፣ ፊት ለፊት ፈለጋት፣ ኋላ ፈለጋት፣ የአርያም ፊት አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ እስኪበታተን ድረስ ለጠጠው፣ የለችም። ሰፈር ሙሉ ያለበት ድንኳን ውስጥ፣ በራሷ በር ላይ፣ እሷ ብቻ የለችም። እስቲ እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ከፎቶው ሥር ሰው የጻፈውን አነበበ፣ አንዱ "ካዛንቺስ ዱባይ ሆነች" ይላል፣ አንዱ "የድሃ ፀሐይ ቀምቶ ምን ዱባይ አለ" ይላል፣ ሌላው "እድገት የማይወድ ገጠር ይግባ" ብሎ ይሳደባል፣ አንዷ "ፏ ብሏል በቃ ምን ታካብዳላችሁ" ትላለች፣ እየተሰዳደቡ ይወርዳሉ፣ ግን ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ፣ ነፍስ ይማር ያለ፣ አንድ ሰው የለም። ይኼም ራሱ ምን ማለት ነው? ወይ ማንም አልሞተም፣ ወይ ካሳይ እንዳያይ ተማክረው ደብቀውታል። ሁለቱም ያስኬዳሉ። እየተገላበጠ ሁለቱንም ያምናል።

ሕንፃውን ሰፈሩ "መነጽሩ" ብሎታል፣ ከላይ እስከ ታች መስተዋት ስለሆነ። የታክሲ ረዳቶቹ ሳይቀሩ "መነጽር! መነጽር! አንድ ሰው!" ብለው ነው አሉ የሚጠሩት፣ የድሮውን የፌርማታ ስም ማንም አይጠራውም። ይኼን ሁሉ የነገረችው አርያም ናት፣ ካሳይ ሰለቸኝ እስኪል ድረስ። ደውሎ አደይስ ሲላት፣ ውይ ካሳይ፣ መነጽሩ ምን እንዳደረገ አልነገርኩህም፣ ትላለች። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ መስተዋቱን መትታ ስትመለስ የአየለች ሱቅ ውስጥ ገብታ ከረሜላውን በሙሉ አቀለጠችው፣ አየለች ከረሜላውን በሳህን ተሸክማ ዘበኛው ፊት ደፋችው፣ ዘበኛውም ምስኪን፣ እኔ ምን ላድርግሽ እማማ፣ ፀሐይዋን የቀጠርኳት እኔ ነኝ ወይ አላት። ይስቃል ካሳይ፣ ሳይወድ ይስቃል፣ ከዚያ አደይስ? ቤተ ክርስቲያን ናት። በሌላ ቀን ደግሞ፣ ጠዋት ጠዋት ጥላው እኛ ላይ ነው የሚወድቀው፣ በርበሬ ማስጫ ፀሐይ ጠፋ፣ ሴቱ ሁሉ እንቅቡን ተሸክሞ ፀሐይ ፍለጋ መንገድ ለመንገድ ይዞራል፣ ግን ደግሞ ሥራ ያገኙ ልጆች አሉ፣ የነተከስተ ልጅ ዩኒፎርም ለብሶ በር ይከፍታል፣ እናቱ ስትኮራ ብታያት፣ እሷ ፊት ሕንፃውን ማን አባቱ ይናገራል! አደይስ? ተኝታለች። በቀትር? አዎ፣ ደከም ብሏታል፣ ማለቴ ደህና ናት፣ ዝም ብላ ጋደም ብላ ነው። እና መጨረሻ ላይ ያቺን የፈራትን አመጣችለት፣ ጠበል ሄዳለች። ጠበል! የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ?

ምክንያቱም አባቱም ጠበል ሄዶ ነበር። ካሳይ በርገን በገባ በሁለተኛው ዓመት አባቱ ጠበል ሄደ፣ ከጠበሉ ሻል ብሎት ወደ ዘመድ ተሻገረ፣ ከዘመድ ተመልሶ ተኛ፣ ጉሮሮው ታመመና ድምፁ ተዘጋ፣ ሐኪም አትናገር አለው፣ ግን ሰላም ብሎሃል። ሰውየው ከአፈር በታች ሆኖ ሰላም ሲልለት ከረመ! ካሳይም ሞኝ፣ ብርድ እንዳይመታው ብሎ ወፍራም ጃኬት ገዝቶ በሰው ላከለት፣ ደወለና ልክ ሆነለት ወይ አለ፣ ልክ ሆነለት፣ እንዴት አምሮበታል መሰለህ አሉት፣ ይኼን ያለችው ራሷ እናቱ ናት፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። ከዚያ በአንድ ንጋት በሩ ተንኳኳ፣ ሲከፍት በበርገን ያለ ሐበሻ ጥቁር ለብሶ ተደርድሯል፣ ከፊት እትዬ ዘውዲ፣ የሐበሻው ሁሉ እናት፣ ደስታም ሐዘንም በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው፣ እና ያን ቀን የጮኸው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ አለ። ክፉ አስበው አይደለም፣ ይኼንን ያውቃል፣ ብቻውን በባዕድ አገር በስልክ ሰምቶ ራሱን እንዳይጎዳ ብለው ነው፣ መርዶ በወጉ ነው የሚነገረው፣ እሱም ቢሆን ለጓደኛው ለታዲዎስ አክስት ሞት እንደዚያው አድርጓል፣ አብሮ ቆሞ አብሮ አልቅሷል። ግን ከዚያ ወዲህ ደህና ነው የሚለው ቃል ረከሰበት። ሞታለች ቢሉት ያምናቸዋል፣ አልሞተችም ቢሉት እንዴት ይመናቸው? ታዲያ ሰው በሕይወት መኖሩን ከአገር ቤት በምን ይሰማል? ይገላበጣል። ትራሱ ሞቀው፣ ይገለብጠዋል፣ በዚያኛውም በኩል ሞቋል።

ድምፅዋን ቢሰማ ያበቃ ነበር። እንዳይሰማ ያደረገው ደግሞ ራሱ ነው። ፋሲካ ሳምንት ላይ ነው፣ እናቱ ራሷ በአርያም ስልክ ደወለች፣ እሷ ደውላ አታውቅም፣ ብር ይቆጥራል ብላ ትፈራለች፣ እና ያለ ሰላምታ፣ ካሳይ፣ ሜዳዋን ወሰዷት፣ አለችው። የቷን ሜዳ? ድንኳን የምንተክልባትን ሜዳ ነዋ፣ ለመነጽሩ መኪና መግቢያ ናት ብለው ቆርቆሮ ሊያጥሩባት ነው፣ ፎቁን ሠሩት፣ ሰማዩ የእግዚአብሔር ነው፣ ሜዳዋን ግን ምን አድርጉ ብለው ነው፣ አባትህን የት አለቀስንለት? እሱ ደግሞ ደክሞታል፣ የሌሊት ሥራ ሊገባ ጫማውን እያሠረ ነው፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው፣ እና አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፣ አደይ ልማት እኮ ነው፣ አላት። ልማት? አዎ፣ ከተማ እንዲህ ነው፣ እዚህ ድንኳን የሚተክል የለም፣ አሁን ሰው አዳራሽ ተከራይቶ ነው የሚያለቅሰው። እሷ ግን፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጀሞና የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተበትኗል፣ ነገ እኔ ስሞት ድንኳኔ የት ነው የሚተከለው፣ አንተ የተማርከው ንገረኛ፣ አለችው። እሱም ሳቀ! ምን እንዳሳቀው ዛሬ ቢጠይቁት አያውቅም። ፎቁ ላይ ይተከላል አላት፣ ቀልዶ ነው። ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን አልሰማም፣ መጀመሪያ ተቆጥታ ነው ብሎ ተወ፣ እናት ስትቆጣ ስንት ቀን ትቆያለች፣ ቀኑ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ሳምንታት ሆነ፣ አርያም ስለ መነጽሩ ታወራለች፣ እና አሁን ድንኳኑ ተተክሏል። ሜዳዋ ላይ። በእናቱ በር። በዚህ ቃል ተለያይተን ሞታ ከሆነ እኔ ምን ሰው ነኝ፣ ይላል፣ ድምፅ አውጥቶ ነው የሚለው፣ ከጎን ያለችው አሮጊት ግድግዳውን ትመታለች።

ተነሣ። አልተኛም፣ ስለዚህ ተነሣ ማለትም አይቻልም፣ ብቻ ቆመ። ሥራ ለመቅረት ስልኩ ላይ የፋብሪካውን ገጽ ከፈተ፣ እዚህ አገር ሰው ሥራ የሚቀረው ስልክ ነክቶ ነው፣ ታምሜ የሚል አለ፣ ልጄ ታሞ የሚል አለ፣ የቅርብ ዘመድ ሞቶብኝ የሚል አለ። ጣቱ ሦስተኛው ላይ ደረሰ። ነካው። መቼ፣ ይላል። ቀን አስገባ። ምን ቀን ያስገባ? እግዚኦ፣ በገዛ ጣቴ ልግደላት እንዴ ብሎ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወረው። ማታ ፋብሪካው ሲገባ ለአለቃው ለኢንግሪድ ነገራት፣ ኢንግሪድ ደግ ሴት ናት፣ ሊጥ ማሽኑን አጥፍታ በትዕግሥት አደመጠችው።

"እናትህ ሞታለች?" አለችው።

"አላውቅም።"

"ቤተሰቦችህን ጠየቅካቸው?"

"ጠየቅኳቸው።"

"ምን አሉህ?"

"ደህና ናት አሉኝ።"

ኢንግሪድ ፊቷ በራ። "እንኳን ደስ ያለህ! ታዲያ ደህና ናታ!"

"አይ፣ እሱን ነው የፈራሁት" አላት።

ኢንግሪድ በጣም ቀስ ብላ፣ ስንት ሰዓት ተኝተሃል፣ ብላ ጠየቀችው። ምን ይበላት? በየትኛው ቋንቋ ያስረዳት? በእናንተ አገር ሰው ሲሞት ሞተ ይባላል፣ በኛ አገር ሰው ሲሞት ይመረጥለታል፣ ቀን ይመረጥለታል፣ ነጋሪ ይመረጥለታል፣ ሰሚው ራሱ እስኪዘጋጅ ሟቹ ትንሽ በሕይወት ይቆያል። ይኼን ሊላት ፈልጎ አፉን ከፈተ፣ ኖርዌጅኛው ጠፋበት፣ ሊጡ ጋር ሄዶ ቆመ።

በእረፍት ሰዓቱ ለታዲዎስ ደወለ። ታዲዎስ የወሎ ሰፈር ልጅ ነው፣ ጓደኛው፣ እሱም ሌሊት የሚሠራ፣ አውቶቡስ አጣቢ። ካሳይ ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብሎ፣ "ታዲ፣ ስለ እናቴ የሰማኸው ነገር አለ? እውነቱን ንገረኝ" አለው። ታዲዎስ ዝም አለ። ውሃው ከጎማው ላይ ሲፈስ ይሰማል፣ ታዲዎስ ግን ዝም። በኋላ ሲናገር፣ የሳሙናው ባልዲ ተደፍቶበት ነው ዝም ያለው፣ ግን ካሳይ ይኼን በምን ይወቅ፣ ያቺን ዝምታ ከነክብደቷ ተቀበላት። "ኧረ ምንም አልሰማሁ! ምነው? ምን ሆኑ?" ይላል ታዲዎስ፣ ድምፁ ደንግጧል። የደነገጠው ለምንድን ነው? ስላልሰማ ነው ወይስ ስለሰማ? "በቃ ተወው" አለው ካሳይ። "አይ እንዴ፣ ንገረኝ እንጂ ወንድሜ፣ እማማ መብርሂት ምን ሆኑ?" "ተወው አልኩህ እኮ!" ዘጋበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉ የለ፣ ነገሩ ያኔውኑ አፋፉን አልፎ ሄዷል፣ ካሳይ ግን ሊጡን እየቆረጠ ስለ ሜዳዋ ያስባል። ሜዳዋ ላይ ኳስ ይጫወቱ ነበር። ለቅሶ ሲሆን ኳሱ ይቆማል። የጡሩምባ ነፊው ድምፅ በጠዋት ሲሰማ እናቱ ከአልጋዋ ሆና፣ የማን ቤት ይሆን፣ ትላለች፣ ከዚያ ነጠላዋን ታነሣለች፣ አግዳሚውን ተሸክመው ከሚወጡት ሴቶች መጀመሪያዋ እሷ ናት፣ ትግሬ ሲሞት፣ ጉራጌ ሲሞት፣ ኦሮሞ ሲሞት፣ ከሁሉ በፊት እሷ አግዳሚውን ይዛ ወጥታለች። ካሳይም ምሰሶ ይይዛል፣ ካስማ ይመታል፣ አዎ፣ ድንኳኑን በእጁ ተክሎታል። ይተክለዋል፣ ይነቅለዋል፣ ይተክለዋል። ማሽኑ ሲጮህበት ነው የነቃው፣ ቆሞ ተኝቶ ኖሯል።

ጠዋት ዝናቡ ያንኑ ዝናቡን ያዘንባል። ከአውቶቡስ ወርዶ ወደ ሕንፃው ሲጠጋ በሩ ላይ ሰዎች ቆመዋል። ነጭ ነጠላ አየ። ጥቁር ቀሚስ አየ። እትዬ ዘውዲ ከፊት ናት፣ በፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ ታቅፋለች፣ ቴርሞሱን የያዘው ታዲዎስ ነው፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ ሌሎቹም አሉ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች፣ የደወሉን ቁልፎች እየነካኩ የሱን ስም አጥተው እዚያው ዝናቡ ላይ ቆመው ጠብቀውታል። ካሳይ አስፋልቱ መሀል ቆመ። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ፣ እነሱ ወደሱ ሲመጡ፣ አትምጡ! አትምጡ አልኩ! ይላል፣ እነሱ ግን መጡ፣ ግራና ቀኝ ያዙት፣ እትዬ ዘውዲ ፊቱን በሁለት እጇ ያዘችው፣ "አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ፣ የሁላችንም መንገድ ነው፣ እግዚአብሔር ያጽናህ" አለችው። ጮኸ። "አደይ!" አለ፣ "አደይ! ሳልታረቅሽ!" አለ፣ ብስክሌት ላይ ያለ ሰው ወርዶ ቆመ፣ መስኮቶች ተከፈቱ። አሳንሰሩ አራት ሰው ብቻ ነው የሚይዘው፣ እየተመላለሰ አወጣቸው፣ ካሳይን በመጀመሪያው፣ ለቅሶውን በቀጣዩ። ክፍሏ ሞላች። ሁለት ሴቶች አልጋው ላይ፣ እትዬ ዘውዲ ብቸኛው ወንበር ላይ፣ አንዱ የልብስ ቅርጫት ገልብጦ፣ ታዲዎስ የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፎ፣ የቀሩት ቦታ አጥተው ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ከጎን ያለችው አሮጊት ወጥታ፣ ኮሪደር ላይ መሰብሰብ በሕንፃው ደንብ ክልክል ነው፣ አለች፣ ከዚያ ሴቶቹ ሲያለቅሱ አየችና ገብታ በሯን ገርበብ አድርጋ ተወችው።

እንግዲህ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከካሳይ ቀድማችሁ ብታውቁት አይከፋውም። ታዲዎስ ስልኩ እንደተዘጋበት ደንግጦ እትዬ ዘውዲ ጋር ደወለ፣ ካሳይ ስለ እናቱ ሞት ጠየቀኝ አላት፣ እትዬ ዘውዲም ደግ ናት እንጂ ማጣራት አትወድም፣ ወይኔ፣ ልጁ ከፌስቡክ ሰምቶ ብቻውን ሲቃጠል ዝም እንላለን እንዴ፣ ብላ አገሩን ጠራች። ይኼው ነው። እሱ ከነሱ ሰማ፣ እነሱ ከሱ ሰሙ። እሱ የጠየቀው ጥያቄ ዞሮ መርዶ ሆኖ መጣለት። እትዬ ዘውዲ ደግሞ ሥራዋን በወጉ ስለምትጨርስ፣ ወደ ደረጃው ወጣ ብላ አዲስ አበባ ላለች የአክስቷ ልጅ ደወለች፣ ካዛንቺስ ሄደሽ ለቤተሰቡ ንገሪያቸው፣ ልጁ ተረድቷል፣ ሰው ከቦታል፣ አይጨነቁ በያቸው፣ አለቻት። የአክስት ልጇም ባንክ ቤት የምትሠራው እዚያው መነጽሩ ሥር ነው፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተሻገረችና አረንጓዴውን በር አንኳኳች። በሩን ማን ከፈተላት? አትጠይቁኝ።

የካሳይ ስልክ ጠራ። አርያም ናት ይላል። ማንሣት አቃተው፣ ታዲዎስ አነሣለትና ጆሮው ላይ አደረገለት።

"ካሳይ።"

አርያም አይደለችም።

"ካሳይ! ምነው፣ ገደልከኝ አሉ?"

ሴቶቹ ፊቱን አይተው ለቅሷቸውን በመሀል ቆረጡት። "አደይ?" አለ። እትዬ ዘውዲ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች፣ ታዲዎስ ቴርሞሱን ሊጥለው ምንም አልቀረው።

"እኔ ነኝ ወደይ፣ ልጄ፣ አልሞትኩም፣ ለዛሬ አልተመቸኝም" አለች እናቱ። "ምን ዓይነት ልጅ ነህ አንተ? አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆማ እያለቀሰች ወይዘሮ መብርሂት የተቀበሩት መቼ ነው ትለኛለች፣ እኔን! ውሃ አጠጣኋት።"

"ድንኳኑን አየሁት አደይ፣ ፎቶውን፣ አንቺ የለሽበትም፣ ሁሉም ሰው አለ፣ አንቺ የለሽም።"

"ፊት ነበርኩ እኮ፣ መነጽሩን ከሠራው ድርጅት የመጣውን ሰውዬ እያፋጠጥኩት፣ ምሰሶው ነው የከለለኝ። ስለ ሜዳዋ ስብሰባ ነው የተሰበሰብነው። የቀበሌው አዳራሽ ፈርሶ፣ ዝናቡ መጥቶ፣ የት እንሰብሰብ? ድንኳኑ ይተከል ያልኩት እኔ ነኝ። ሊካሳ እንቢ አለ፣ ሬሳ ሳይኖር የእድር ድንኳን አይተከልም፣ ሟርት ነው አለ፣ ተሟገትኩት። ለሰፈር ሞት ካልተተከለ ለማን ሊተከል ነው አልኩት። ግማሹ ሰው ሟርተኛ ብሎኝ አኩርፎ ሄደ፣ የተከስተ ሚስት እስካሁን ሰላም አትለኝም፣ ልጄን ከሥራ ልታስወጪብኝ ነው ትላለች። እሷም እውነት አላት።"

"ታዲያ ለምንድን ነው የማታናግሪኝ? ጠበል ሄደች ሲሉኝ..."

"ጠበል ሄጄ ነበራ። ተመልሼም ከአርያም ጎን ተቀምጬ ነው፣ አታገናኚኝ እያልኩ በእጄ የምከለክላት። ተቀይሜህ ነበር። ስቀህብኛል።"

ካሳይ ማልቀሱን አላቆመም፣ ያቺው ለቅሶ ናት የምትቀጥለው፣ ማቆሚያዋን ማን ይንገራት። ከእናቱ ኋላ "መነጽር! መነጽር!" የሚል የረዳት ጩኸት ይሰማል።

"ሰው አለ እንዴ ከጎንህ?" አለችው። "ሹክሹክታ እሰማለሁ።"

"ለቅሶ ደራሽ ነው።"

"የማን ለቅሶ?"

"ያንቺ።"

ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ "እነማን መጡ?" አለች። ስማቸውን ጠራላት፣ እሷም እያንዳንዱን "እሰይ፣ ትኑርልኝ"፣ "እሰይ፣ ይኑርልኝ" እያለች ተቀበለች፣ በዓይኗ አይታቸው የማታውቃቸውን ሁሉ። "የት ነው ያስቀመጥካቸው?"

ካሳይ ክፍሏን አየ። አልጋውን አየ፣ የተገለበጠውን ቅርጫት አየ፣ በክፍቱ በር ደረጃው ላይ የተደረደሩትን እርጥብ ጀርባዎች አየ።

"ሴቶቹ አልጋዬ ላይ ናቸው። የቀሩት ደረጃው ላይ።"

"ደረጃው ላይ? በዝናብ መጥተው?"

"ስምንተኛ ፎቅ ነው አደይ። ቦታ የለም።"

አየህ፣ ነግሬህ ነበር፣ እንድትለው ጠበቀ። ቢሰድቡት ይሻለዋል። እሷ ግን አላለችውም፣ እና ካሳይ ራሱ፣ "አደይ፣ ያን ቀን የጠየቅሽኝን... የት እንደሚተከል አላውቅም። ዝም ብዬ ነው የሳቅኩት። አላውቅም" አላት።

"እኔም አላውቅም ወደይ" አለች እናቱ። "ስለማላውቅ እኮ ነው የጠየቅኩህ።"

ደረጃው ላይ አንድ ሰው አስነጠሰ።

"በል ተነሥ፣ ትኩስ ነገር አቅምሳቸው" አለችው። "እኔን ብለው ነው የመጡት።"

ካሳይ ተነሣ። ቁም ሣጥኑን ሲከፍተው ያለው ሁለት ኩባያ ብቻ ነው። ሁለቱን ይዞ ሲቆም በክፍቱ በር ያየችው ከጎን ያለችው አሮጊት በሯን ከፍታ፣ ምንም ሳትጠይቅ፣ የሷን ኩባያዎች በትሪ ይዛ ወጣች።